ከሸራው ሥር ያለው ሸራ

ሰውየው ቀድሟት ደርሷል።

ሰናም ይህን ያስተዋለችው የጨርቅ ተራው መግቢያ ላይ ነው። ቢጫ ጃኬት የለበሰ የሞተር ታክሲ ነጂ፣ ሞተሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። መንገደኛ አይጣራም። በሎሜ ትልቁ ገበያ ቆሞ ሰው የማይጣራ ነጂ ወይ ታሟል፣ ወይ ሌላ ሥራ አለው።

የግራ ጆሮው ግማሹ የለም።

እንዳላየች ሆና አለፈችው። ሦስተኛው ሱቅ ጋ ቆመችና የተከመረውን ጨርቅ ትዳስስ ጀመር።

«ሰማያዊው፣ ዓሣ ያለበት ይኖራል?»

ከክምሩ ኋላ የተቀመጠው ሽማግሌ ቀና አለ። «ዓሣው አልቋል። ወፍ ያለበት ነው የቀረው።»

«ወፍም ይሆነኛል።»

ምልክቱ ያ ነበር። ሽማግሌው አኩዌቴ ይባላል፤ ታላቅ ስለሆነ «ፎ» ትለዋለች። ሁለቱም የሚሠሩለት የስለላ ቢሮ የሚያውቀው ግን «መልሕቅ» በሚል ነው። እሷ «ቆቅ» ናት። ሰናም የሚለው ስም ለዚህ ሥራ የተሰፋላት ልብስ ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም በዚህች ከተማ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ሥራውን ያስተማራትም እሱ ነው።

የሠራችው ኮድ ያለበትን ፍላሽ ጨርቁ እጥፋት ውስጥ ከተተች። ሽማግሌው ሊለካላት ጨርቁን ሲዘረጋ ሌላ ፍላሽ መዳፏ ላይ አረፈ።

«የሠራሽውን ቢሮው ያየዋል» አለ፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ። «የሰጠሁሽን ደግሞ ዛሬውኑ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቢው። ዘበኛ ነው። ኮዱን የነካ ሰው ሁሉ ስሙ ይደርሰናል።»

«ተከታይ አለኝ፣ ፎ። ቢጫ ጃኬት።»

የሽማግሌው እጅ አልቆመም። «ገበያ እኮ ነው፣ ልጄ። ቢጫ ያልለበሰ ማን አለ?»

«ይሄኛው ጆሮ የለውም።»

«እንግዲያው አይሰማሽም» ብሎ ሳቀ። «በዓሣ ተራው በኩል ውጪ።»

ወጣች። የደረቀ ዓሣ ሽታ አፍንጫዋን ሰነጠቀው። ዞር አላለችም። ከአንዲት ሻጭ ሰፊ የብረት ሳፋ ገዛችና ስንጥቅ እንዳለው እንደሚፈትሽ ሰው ወደ ዓይኗ አቀረበችው። አብረቅራቂው ቂጡ ላይ ከኋላዋ ያለው መንገድ ተጣሞ ታየ።

ቢጫ።

ሳፋውን አናቷ ላይ አስቀመጠችው። ነጠላ ጨርቋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና ሸክም ይዘው ወደ ባሕሩ ከሚወርዱ ሴቶች መሐል ገባች። ሃያ ሳፋ፣ ሃያ ወገብ፣ አንድ ዓይነት አረማመድ። ሰውየው በአጠገቧ ሮጦ አለፈ።

አመለጠችው። የከነከናት ግን ሌላ ነገር ነው። የተከተለ ሰው ከኋላ ይመጣል። ይሄ ከፊት ነበር የጠበቃት። የመገናኛውን ቦታ የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሐሳቡን እንደ ዓሣ እሾህ ዋጥ አደረገችውና መንገዷን ቀጠለች።

ነገሩ የጀመረው ከባሕሩ ነው። ሐርማታን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራውን አምጥቶ ባሕሩ ላይ ሲያለብሰው፣ ነዳጅ ጭነው ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁ መርከቦች በቀን ይዘረፉ ጀመር። ሌቦቹ በፈጣን ጀልባ ይመጣሉ። ሁልጊዜም የሚመጡት የጥበቃ ጀልባዎች በሌሉበት በኩል ነው። የጥበቃው መንገድ ቀድሞ በግድግዳ ካርታ ላይ ይሠመር ነበር። ካርታውን አንዱ ፎቶ እያነሳ ሲሸጥ ተያዘ። የባሕር ጥበቃው አዛዥ ሻለቃ ፒያሎ ካርታውን በገዛ እጇ ቀዳድዳ አቃጠለችውና አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ጠራች። «መንገዱን ኮምፒውተር ላይ ልሣለው። ስጨርስ ይጥፋ» አለች።

ቢሮው ደግሞ ድርጅቱ ውስጥ ምስጢር የሚሸጥ ሰው እንዳይኖር ሰናምን ላከ። ሽፋኗ ፕሮግራም ሠሪ ነው። ሽፋን ብቻም አልነበረም፤ ሥራውን በደንብ ትችለዋለች።

የተሰጣት ክፍል ሸራው ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት በግራ በኩል ቁልፎች፣ ከታች የአየር ሁኔታ የሚነገርበት መስመር አለው። መሐሉ ባዶ ነበር። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የሚሣልበት ሸራ መግጠም አለባት። ተረኛው መኮንን የባሕሩን ካርታ እያየ በማውስ ይሥላል፤ ቀይ ለአንደኛው ጀልባ፣ አረንጓዴ ለሁለተኛው።

ሲሰሙት ቀላል ነው። ሸራ ግን መስኮት ውስጥ ስላስቀመጡት ብቻ አርፎ አይቀመጥም። መስኮቱ ሲለጠጥ አብሮ ካልተለጠጠ ካርታው ይቆረጣል። ሌላ መስኮት ሸፍኖት ሲነሳ ራሱን መልሶ ካልሣለ ባዶ ይሆናል። የማውሱ ጫፍና የካርታው ነጥብ ካልተናበቡ ደግሞ ጀልባው የብስ ይወጣል። በመጀመሪያው ሙከራ ቀዩ መስመር ባሕሩን ትቶ ከተማው መሐል ሰተት ብሎ ገባ።

«ዳቪ!» ብሎ ጮኸ ያዎቪ ከጎኗ። ታናሽ እህቱ እንደሆነች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጠራት። «ጀልባሽ ካቴድራሉ ውስጥ ገባች እኮ! ልትጠመቅ ነው?»

«ያንተ ቁልፍ ገፍቷት ነው።»

«የኔ ቁልፍ ጨዋ ነው፣ ሴት አይገፋም» ብሎ የተጠበሰ ያም፣ እንደ ጎደሬ ያለ ሥር፣ ከወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። «እንቺ። የራበው ሰው ቀጥ ያለ መስመር አይሥልም።»

ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ቁልፎቹንና ከታች ያለውን መስመር የሠራው እሱ ነው። ሰናም ወደደችው። ስለወደደችው ደግሞ ይበልጥ ጠረጠረችው።

የሚያስጠረጥርም ነገር ነበረው። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሱ ይቀራል። ድንገት ስትገባ ስክሪኑ ላይ የነበረች ትንሽ መስኮት ትጠፋለች። አንድ ቀን ጭራሽ የእሷ ወንበር ላይ አገኘችው። የሸራዋ ኮድ ተከፍቷል።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ወንበርሽ ከኔ ይሻላል» አለና ተነሳ። ለወትሮው ዓይን ለዓይን የሚያይ ሰው ያን ቀን ጫማውን አየ።

ከገበያው ቀን ጥቂት ቆይቶ ፕሮግራሙ ለሙከራ የጥበቃው ክፍል ውስጥ ተተከለ። ካርታ የለም፤ ወረቀት የለም። በዚያው ሰሞን ሐርማታን ነፈሰ።

መርከብ ተዘረፈ።

ሌቦቹ የመጡት የጥበቃ ጀልባዎቹ ከሌሉበት በኩል ነው። የመርከቡ ወጥ ቤት ሠራተኛ በር ሊዘጋ ሲሞክር በጥይት ተመቶ ሞተ።

በማግስቱ ሰናም የሥራ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ፕሮግራሙን ከፈተች። የምትፈልገውን አታውቅም። አንድ ቀይ መስመር ሣለች። የመስኮቱን ጥግ በማውስ ይዛ ጎተተች። ካርታው ተለጠጠ። ቀዩ መስመርም አብሮ ተለጠጠ።

አንድ መስመር ግን አልተለጠጠም።

እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ግራጫ። ቀዩ መጀመሪያ የነበረበት ቦታ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ኮሪደሩን አዳመጠች። ማንም የለም። እንደገና ጎተተች።

ብልጭ። ጠፋ።

መስኮቱ ውስጥ ምን ምን እንደተገጠመ አንድ በአንድ እንዲነግራት ፕሮግራሙን ጠየቀችው። ቁልፎቹ፣ ከታች ያለው መስመር፣ ሸራው።

ሸራው።

ሁለት ነው።

ሁለተኛው ቀለም የለውም፤ ብርሃን አሳላፊ ነው። ልክ በእሷ ሸራ ልክ ተቆርጦ ከሥሩ ተነጥፏል። ማውሱ በተጫነ ቁጥር ሁለቱም ይሰማሉ፤ እላይ የተሣለው ሁሉ እታችም ይሣላል። ታችኛው መለጠጥ ብቻ አልተማረም። መኮንኑ ሥሎ ሲጨርስ ሥዕሉ ለአየር ሁኔታ በተከፈተው የኢንተርኔት መስመር ተሰርቆ ይወጣል። ፋይሉ አናት ላይ የሠሪው ስም ተጽፏል።

ሰናም።

ይህን ያደረገ ሰው ስሟን ማነቆ አድርጎ አዘጋጅቶላታል። በሐሳቧ የመጣው ፊት አንድ ብቻ ነበር፤ ወንበሯ ላይ የተቀመጠው።

ከመንገድ ማዶ ባለ ስልክ ደወለች።

«ከጨርቁ ሥር ሌላ ጨርቅ አለ።»

«ማን ሰፋው?» አለ አኩዌቴ።

«ረጅሙ። ያዎቪ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወንበሬ ላይ አግኝቼዋለሁ። ምሳ ሰዓት ብቻውን ይቀራል። ስክሪኑን ይደብቃል።»

«እርግጠኛ ነሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

ያሙ፣ ሳቁ፣ ካቴድራሉ በዓይኗ ሄዱ። «ሌላ ሰው የለም» አለች።

«በቃ። ከዚህ በኋላ የኔ ጉዳይ ነው። ሸራውን እንዳትነኪው። እንዳለ ይቆይ።»

ስልኩ ተዘጋ። እንዳለ ይቆይ ለምን? ብላ ራሷን የጠየቀችው መንገዱን ተሻግራ ከጨረሰች በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ያዎቪ አልመጣም። የድርጅቱ ባለቤት ማዳም አጆቪ ሻሿ ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ እንደወደቀ ገባች።

«ሞተር ገጨው» አለች። «ወደብ መንገድ ላይ። ሆስፒታል አልደረሰም።»

ሻሿን ከትከሻዋ ላይ ስባ ፊቷን ጠረገች።

«ኮኮናት የምትሸጠዋ ሴትዮ አይታለች። አልፎት ከሄደ በኋላ ዞሮ ተመልሶ ነው የገጨው አለች። ተመልሶ! ቢጫ ጃኬት፣ ጆሮው ጎደሎ የሆነ...» ማዳም አጆቪ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «እስቲ አንቺ ኮምፒውተሩን ክፈቺው። ሥራው እንዳይጠፋ። እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ሰናም የያዎቪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ እንደበራ ያች ትንሽ መስኮት ራሷን ችላ ተከፈተች።

ውስጧ ነጭ ሸራ አለ። ሸራው ላይ መስመር እየተሣለ ነው።

አሁን። በሌላ ሰው እጅ።

ክብ ሆነ። ሁለት ዓይን ገባበት። አፍንጫ። ከዚያ ቆመ። አፍ የለውም። የሚሥለው ሰው እየጠበቀ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሰናም።

ማዳም አጆቪ መጥታ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ! ዴላሊ ናት። ሚስቱ። አትሰማም፣ አትናገርም። ለሷ ስልክ ምን ያደርግላታል? ይሄን የሠራላት እንዲጫወቱበት ነው። በሥራ ሰዓት አይሆንም ብዬ ስቆጣው ይደብቅብኝ ነበር። በምሳው ሰዓት እየቀረ ነው የጨረሰው። መስኮቱ ሲለጠጥ ሥዕሉ ይበላሽበታል፤ ያቺ ልጅ እንዴት እንዳደረገችው ሰርቄ አያለሁ ሲል ነበር...» ድምፅዋ ተቆረጠ። «እስካሁን ማንም አልነገራትም ማለት ነው።»

በመስኮቷ ጎን የቀደሙት ቀናት ሥዕሎች ተደርድረዋል። ሁሉም ፊት ናቸው። ፊቱን አንድ እጅ ሥሎታል፣ አፉን ሌላ እጅ። ምላሱን ያወጣ፣ የሚያፏጭ፣ ጥርሱ የወለቀ። በየማለዳው እሷ አፍ የሌለው ፊት ትልክለታለች፤ እሱ አፉን ይሞላዋል።

የሰናም እጅ ማውሱ ላይ ነበር።

አልሣለችም።

የያዎቪን ስም የሰጠችው ለአኩዌቴ ብቻ ነው። ጆሮ ጎደሎው ሰውዬ ገበያ ውስጥ ቀድሟት የደረሰው የመገናኛውን ቦታ ስለሚያውቅ ነው። «ዘበኛ ነው» ተብሎ የተሰጣትን ፍላሽ ደግሞ በዚያው ቀን፣ በገዛ እጇ፣ ሳትመረምር ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብታለች። ያዎቪ ሸራ አልደበቀም። የደበቀችው እሷ ናት። ነገሩ ሲፈነዳ የሚገኘው የእሷ ስም ነው፤ ያ ስም ደግሞ የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነች ሴት ማን ይመሰክርላታል?

ለጥገና መጣሁ ብላ ወደ ጥበቃው ክፍል ሄደች። ሻለቃ ፒያሎ ከሰሜን፣ ከካራ አገር የመጣች፣ ትከሻ ሰፊ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት።

«ሻለቃ፣ አንድ መስመር ይሣሉ» አለች ሰናም። «ከዚያ የመስኮቱን ጥግ ይጎትቱት።»

ጎተተች። ግራጫው ፀጉር ብልጭ አለ።

ፒያሎ አልጮኸችም። በሩን ዘጋች። ሽጉጧን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም።

«ማነሽ?»

«ሰናም አይደለሁም።»

«ማን እንዳልሆንሽ አልጠየቅኩሽም።»

ሰናም ሁሉንም ነገረቻት። ገበያውን፣ ፍላሹን፣ ያዎቪን። «ፋይሉን ቢከፍቱት የኔ ስም ነው ያለበት። ዛሬ ቢያስሩኝ የሚፈርድብዎ የለም።»

«ሌባም እንዲህ ነው የሚለው» አለች ፒያሎ። «አምኜሽ እንድለቅሽ።»

«አይመኑኝ። ይፈትኑኝ። የአየር ትንበያው ነገ አቧራው ይነፍሳል ብሏል፤ መምጣታቸው አይቀርም። ታችኛው ሸራ ውሸት እንዲልክ አደርገዋለሁ። እርስዎ ላይኛው ላይ የፈለጉትን ይሣሉ፤ ወደ እነሱ የሚሄደው ሥዕል ምዕራቡን ባዶ አድርጎ ያሳያል። እኔ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአኩዌቴ ብቻ፣ ሥዕሉ ውሸት ነው፣ ባዶው ምሥራቁ ነው ብዬ እነግረዋለሁ።»

ሻለቃዋ ዓይኗን ሰበር አድርጋ አሰበች። «ምዕራብ ከመጡ ሥዕሉን አምነዋል ማለት ነው። ምሥራቅ ከመጡ...»

«እሱ ነግሯቸዋል።»

«የትም ካልመጡስ?»

«ያን ጊዜ እዚሁ ያገኙኛል።»

ፒያሎ ሽጉጡን አነሳችና መለሰችው። «ምሥራቁ ላይ እኔ ራሴ እሆናለሁ» አለች። «አንቺ ደግሞ ነገ ከጠባቂዎቼ ጋር ነው የምትውዪው።»

አኩዌቴን ያገኘችው ከከተማው ሐይቅ ዳር፣ ቆርቆሮ ጣራ ያላት ምግብ ቤት ውስጥ ነው። የበቆሎ ገንፎውን በቅጠል ወጥ እያጠቀሰ በእርጋታ ይበላል።

«ቀምሰሽ ሂጂ እንጂ፣ ልጄ። ከስተሻል።»

ተቀመጠች። ቆረሰች። በውኃ አወረደችው።

«ያዎቪ ሞተ» አለች።

«ሰምቻለሁ።» ጣቱን ላሰ። «የሚሸጥላቸው ሰዎች ፈርተው ይሆናል የገደሉት። ሌባን ሌባ ይበላዋል።»

«ሸራው ግን አሁንም ይሠራል፣ ፎ።»

«አትንኪው አላልኩሽም?»

«አልነካሁትም። አታለልኩት እንጂ።» ወደሱ ጠጋ አለች፤ ሙገሳ እንደምትጠብቅ ተማሪ። «ነገ ሥዕሉ ምዕራቡን ባዶ ያሳያቸዋል። ሁሉም ጀልባ እዚያ ተደብቆ ይጠብቃል። እንዳሉ ይለቀማሉ።»

አኩዌቴ ማኘኩን አቆመ።

ወዲያው ቀጠለ።

«ጎበዝ» አለ። «ሁሉም ጀልባ? ምሥራቁን ማን ይጠብቀዋል ታዲያ?»

አንድ ጥያቄ አበዛ።

«ማንም» አለች። «እስከ አኔሆ ከተማ ድረስ ባዶ ነው። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብለው ነው።»

«ምን ይሆናል» አለ እሱም፣ እጁን እየታጠበ። ከዚያ በአባት ዓይን አያት። «ከዚህ ሥራ በኋላ እረፍት ያስፈልግሻል። እኔ አመቻችልሻለሁ።»

እረፍት ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አሁን ይገባታል።

ማለዳ ሐርማታን ባሕሩን ዋጠው። ሰማይና ውኃ አንድ የቡና ወተት ዓይነት መልክ ይዘዋል። ሰናም ጥበቃው ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ግራና ቀኟ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል፤ አንዱ እሷን፣ አንዱ በሩን ያያል። መርከቦቹ በራዳሩ ላይ እንደ ፍም ነጥብ ነጥብ ይላሉ።

ምዕራብ ምንም የለም።

ምሥራቅም ምንም የለም።

ወታደሩ አየት አደረጋት። አልነገራቸውም ማለት ነው? ወይስ ገብቶታል? ሙገሳ ስትጠብቅ ዓይኗ ከድቷት ይሆን?

«እዚያ ጋ» አለ ወታደሩ።

ሦስት ደቃቅ ነጥቦች ከአቧራው ውስጥ ብቅ አሉ። ይፈጥናሉ።

ምሥራቅ።

ሰናም ዓይኗን ጨፈነች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ሥራ ያስተማራት፣ ታማ ሳለ ራስጌዋ ያደረ ሰው ነው።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የሻለቃዋ ድምፅ መጣ፣ «አየኋቸው።» ከዚያ ተኩስ፣ ጩኸት፣ የሞተር ማጓራት። ብዙም አልቆየ። «ሦስቱም ተይዘዋል» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ከኛ አንድ ቆስሏል። ሽማግሌሽን ያዢልኝ።»

ፊቱን የሚያውቅ ከእሷ ሌላ የለም። የት እንደሚሄድም የምታውቀው እሷው ናት፤ ራሱ ነው ያስተማራት። *ስትሸሺ አትሩጪ። ሰው የበዛበትን ቅርብ በር ምረጪ።* ከሎሜ ወደ ጋና በእግር የሚኬድበት ድንበር አለ፤ ቀን ሙሉ ሸቀጥ የተሸከመ ሰው እንደ ጉንዳን ይመላለስበታል።

ሁለቱን ወታደሮች ሲቪል አስለብሳ ሄደች።

ሰልፉ ረጅም ነው። የዶሮ ቅርጫት፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ከሳሙና ካርቶን ኋላ ቀስ እያለ ይራመዳል። ትከሻውን ከሩቅ ለየችው።

ከጎኑ ደግሞ ቢጫ ያልለበሰ፣ ግን ጆሮው ጎደሎ ሰው አለ።

ጠጋ አለች። «ፎ።»

አልደነገጠም። ዞር ብሎ ፈገግ አለ። «ቆቅ። ዋሸሽኝ።»

«ከማን ተማርኩት?»

«ከሰልፉ ውጪ፣ ልጄ። እኔ ከታሰርኩ አንቺም የለሽም። ስምሽ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ፋይልሽን ዛሬ ጠዋት አቃጥያለሁ። ቢሮው ዘንድ ቆቅ የምትባል ሰው ተቀጥራ አታውቅም።»

«ያዎቪ ምን አደረገህ?»

«ምንም» አለ፤ ከልቡ ነበር። «አንቺ ስም አመጣሽልኝ፤ ስም ያስፈልገኝ ነበር።»

ጆሮ ጎደሎው ተወረወረባት።

ቢላዋውን ያየችው ክንዷን ከቀደደው በኋላ ነው። ሳሙናው ተበተነ፤ ዶሮዎቹ ተንጫጩ። አንዱ ወታደር ሰውየውን መሬት ላይ ደፋው። ሽማግሌው ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ በሩ መራመዱን ቀጠለ፤ ግርግሩ የማይመለከተው ሰው ይመስል።

«ያ ነው» አለች ሰናም። ደም የሚያንጠባጥብ እጇን ዘረጋች። «ባርኔጣ ያደረገው።»

ያዙት። መለስ ብሎ እንኳ አላያትም።

ፒያሎ አላሰረቻትም። ሰናም ታችኛውን ሸራ ነቀለች፣ ስሟን ከፋይሉ ሁሉ አጠፋች፣ ፕሮግራሙን ለማዳም አጆቪ አስረከበች። የቢሮው ሰዎች መጥተው ሻለቃዋን ስለ አኩዌቴ ጠይቀዋት ነበር፤ ቆቅ ስለምትባል ሴት ግን ሰምተን አናውቅም አሉ። «እኔም አላየሁም አልኳቸው» አለች ፒያሎ። «ሂጂ። ቁስልሽን ግን አሳዪው።»

ከመሄዷ በፊት የምትደርስበት አንድ ቤት ነበራት። ዴላሊ በር ከፈተችላት። ጥቁር ለብሳለች፤ ወጣት ናት። ሰናም ብርቱካን የያዘ ፌስታል ዘረጋች፤ ተቀበለቻት። በምልክት እንድትገባ ጠራቻት። ሰናም ከደጁ አላለፈችም።

ከሻለቃዋ በቀር ለማንም ያልነገረችው ነገር አፏ ላይ ደረሰ። ይህች ሴት አትሰማም። ለማይሰማ ሰው መናገር ይቀላል።

«ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች በዝግታ። «ሳላጣራ። ደግ ሰው ነበር፤ ስለወደድኩት ጠረጠርኩት። በኔ ነው የሞተው።»

ቀና ስትል የዴላሊ ዓይን ከንፈሯ ላይ ተተክሎ አገኘችው።

ታነባለች።

ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ስታነብ ነበር።

ዴላሊ አልጮኸችም። ፌስታሉን በቀስታ ሰናም እግር ሥር አኖረችው። ከዚያ በሩን ዘጋች፤ ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ተሰማ።

ሰናም ብዙ ቆመች። ፌስታሉን አላነሳችም። ወደ ዋናው መንገድ ወጣች። ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና ሰው እየሞላ ነበር፤ ረዳቱ «አታክፓሜ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። ገባች። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ፍየላቸውን ወደ እግራቸው ሰብስበው ቦታ አስለቀቁላት።

«ክንድሽን ምን ነካው፣ ልጄ?»

«ቆርቆሮ ቆረጠኝ።»

«ተጠንቀቂ እንጂ። ማን ልበልሽ?»

እናቷ ያወጣችላት ስም ምላሷ ላይ ደረሰ። ከቤት ከወጣች ወዲህ ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም።

ሌላ ስም ተናገረች።

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወዲያውም ረሱት። መኪናው ተነሳ። አቧራው የኋላውን መስታወት ሸፈነው፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ውስጡ ያሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ አንድ መልክ ነበራቸው።